ለእንግዳ የተሠራ መንገድ፦ አዲስ አበባ ለምን ትጨናነቃለች?

ዲምቱ ላይ ገበያ ሲቆም መንገዱ ይጠፋል። የትም አይሄድም፣ ቦታው ላይ ነው። ግን በርበሬና ዝንጅብል ዘርግተው የተቀመጡ እናቶች፣ ቦይና የተሸከሙ ልጆች፣ ባጃጅ፣ አህያ፣ ሞተር ሳይክል አንድ ላይ ሲደራረቡበት፣ ከሥሩ የመኪና መንገድ አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ከዚያ አንድ አይሱዙ ክላክስ እየነፋ ይመጣል። ሰው ዕቃውን ይሰበስባል፣ መኪናው በሰው መሃል እየተሹለከለከ ያልፋል፣ ሰውም ተመልሶ ይዘረጋል።

ባለፈው እረፍት አገር ቤት ስገባ ከአጎቴ ጋር ቡና እየጠጣን ይህንኑ እናያለን። «አንተ መንገድ አይደል የምትማረው?» አሉኝ። «ምን ያስቸግራል ታዲያ? ማስፋት ነው!»

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሲቪል ምሕንድስና ስማር ብጠየቅ እኔም እንደዚያው ነበር የምመልሰው። አሁን ሁለተኛ ዲግሪዬን በመንገድና ትራንስፖርት እየሠራሁ ነው፤ መልሱ እንደዚያ ቀላል አልሆነልኝም። የአዲስ አበባን ነገር ላስረዳቸው ሞከርኩ። «አዲስ አበባ እኮ ሰፋፊ መንገድ አላት» አልኳቸው። «እንግዲያው እዚያ ጭንቅንቅ የለማ!» ብለው ሳቁብኝ። እሳቸው የቀለዱበትን ጥያቄ እኔ በቁም ነገር ይዤው ተመለስኩ። መልሱ ደግሞ ከምሕንድስናው ይልቅ ታሪኩ ውስጥ ነው ያለው።

ሠፈር ማለት

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው። አጼ ምኒልክ ከዚያ በኋላ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቻቸው በየኮረብታው ቦታ ሰጡ። እያንዳንዱ መኮንን ወታደሩን፣ አሽከሩን፣ ፈረስና በቅሎውን ይዞ በተሰጠው ቦታ ሰፈረ። «ሠፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከዚሁ መስፈር የመጣ ነው። ራስ ብሩ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር የምንላቸው ዛሬም የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው።

አሁን እንደ መንገድ መሐንዲስ እናስብ። መንገድ የሚወለደው ሰው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ደጋግሞ ሲሄድ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው ከሠፈሩ ተነሥቶ ወዴት ነበር የሚሄደው? ወይ ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወይ ወደ አራዳ ገበያ፣ ወይ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ከሠፈር ወደ ሠፈር የሚያገናኘው መንገድ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር። ስለዚህ የከተማዋ መንገዶች ከየአቅጣጫው ወደ መሃል የሚሰበሰቡ ሆኑ፤ የሸረሪት ድርን አስቡት፣ ግን መሃል ለመሃል የሚያገናኙት ክሮች የተበጠሱበትን።

ሌላም ጣጣ አለ። ቀበናን፣ ግንፍሌን፣ ባንትይቀጡን የመሰሉት የአዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦ ተነሥተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሄድ የፈለገ ሁሉ ሸለቆ ወርዶ ድልድይ ተሻግሮ መውጣት አለበት። ድልድይ ደግሞ ውድ ነውና ጥቂት ብቻ ተሠራ። ራስ መኮንን ድልድይ ከነሱ አንዱ ነው። ማሰሮ ውሃ ስታፈሱ ፍጥነቱን የሚወስነው ሆዱ አይደለም፣ አንገቱ ነው። መንገድም እንደዚያው ነው፤ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለውን የቱንም ያህል ብታሰፉት በሰዓት የሚያልፈው መኪና ድልድዩ የቻለውን ያህል ብቻ ነው።

መንገድ መሥሪያ መሣሪያም ያኔ ብርቅ ነበር። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዝያን በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ ሞተር አስመጥቶ የአዲስ አበባን ሰው አስደንቋል፤ «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው ስም እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አውቶሞቢል ይዞ ገባ፤ ምኒልክም ተሳፈሩበት። እንግዲህ ይቺ ከተማ መኪና ስታይ ዕድሜዋ ገና 21 ዓመት ገደማ ነበር። መንገዶቿ የተቀየሱት ለበቅሎና ለእግረኛ ነው።

እንግዳ ሲመጣ

የአዲስ አበባን የመንገድ ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ነገር ሲደጋገም አየሁ። ከተማዋ መንገድ የምትሠራው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ሊመጣ ሲል ነው።

ጥቅምት 1923 ዓ.ም. የአጼ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ነበር። ከአውሮፓ ልዑላን፣ መልእክተኞች፣ ጋዜጠኞች መጡ። ለዚያ ሲባል መንገዶች በጥድፊያ ተጠገኑ፣ የምኒልክ ሐውልት አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ቆመ፣ እንግዶቹ በሚያልፉባቸው ጎዳናዎች ግራና ቀኝ ደግሞ የድሃው ጎጆ እንዳይታይ አጥር ታጠረ። አጥሩን የታዘቡት የውጭ ጋዜጠኞች ጽፈውበታል። የሚገርመው ዛሬም ግንባታ ያለበትን ሠፈር በቆርቆሮ እንጋርዳለን።

ቀጥሎ የመጣው እንግዳ ሳይጠራ የመጣ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቀደ፤ አውሮፓዊው በአንድ ወገን፣ «የአገሬው ሰው» በሌላ። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋና የዛሬው መርካቶ ተተከለ። ካዛንችስ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ካዛንችስ እንዲያውም ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሚሠራው ድርጅት አሕጽሮተ ስም የመጣ ነው። ጣሊያኖች ከከተማዋ ወደ ጅማ፣ ወደ ደሴና ወደ ነቀምት የሚወጡትን መንገዶችም አጠናከሩ። ጥሩ መንገዶች ነበሩ፣ ግን ያው ሁሉም መሃል ላይ የሚገናኙ ናቸው። ከጅማ ወደ ደሴ የሚያልፍ ጭነት የግድ አዲስ አበባን ማቋረጥ ነበረበት። ገበያውም ከሰው መኖሪያ ስለራቀ ድሮ በአምስት ደቂቃ እግር የሚደርስበት ሰው አሁን ከተማውን ማቋረጥ ጀመረ። የትራፊክ መጠን እንዲህም ይጨምራል፤ ሰው ሳይጨምር ርቀት በመጨመር።

ከነጻነት በኋላ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። የለንደንን ዕቅድ ያወጣው ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባም ዕቅድ ሠራ፤ ቀለበት መንገድ የሚለው ሐሳብ ያኔውኑ ነበረበት። ከሱ በኋላም ሌሎች የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባለሙያዎች መጡ። ዕቅድ በዕቅድ ላይ ተደራረበ እንጂ አንዱም ተሠርቶ አላለቀም። ያለቀው ለእንግዳ የሚታየው ክፍል ነው። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ቁልቁል የሚወርደው ቸርችል ጎዳናም የዋና ከተማ ገጽታ እንዲኖረው ታስቦ ተዋበ። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩት አሁንም ያምራል። ግን ከቸርችል ወደ ግራም ወደ ቀኝም እልፍ ስትሉ የምታገኙት ያንኑ የድሮ የበቅሎ መንገድ ነው።

አደባባይ እንዴት ይቆለፋል?

አሁን ትንሽ ወደ ምሕንድስናው ልግባ፤ እኔ የምወደው እዚህ ጋ ነው።

አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ምኒልክ አደባባይ፣ አቡነ ጴጥሮስ... የአዲስ አበባ ዋና ዋና መጋጠሚያዎች ሐውልት ያቆሙ አደባባዮች ናቸው። ጎብኚ ፎቶ የሚነሳበት ቦታና መኪና የሚተላለፍበት ቦታ አንድ ነው ማለት ነው።

አደባባይ ተአምረኛ ነገር ነው፤ መብራት የለው፣ ፖሊስ የለው፣ ግን ይሠራል። የሚሠራው በአንዲት ሕግ ነው፦ ቀድሞ ውስጥ የገባ ቅድሚያ አለው። ይህች ሕግ ቀላል ትመስላለች፤ እንግሊዝ አገር እንኳ በሁሉም አደባባይ ላይ የደነገጓት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከዚያ በፊት አደባባዮቻቸው እየተቆለፉ ያስቸግሩ ነበር። ለምን? አንድ ወረቀት አውጡና ክብ ሥሩ፤ አራት መግቢያ፣ አራት መውጫ አድርጉለት። ወደ ውስጥ የሚገባው ቅድሚያ ካለው፣ ውስጥ ያለው ይቆማል። ውስጥ ያለው ከቆመ ከኋላው ያለው መውጫ ይዘጋል። መውጫው ሲዘጋ ሊወጣ የነበረውም ይቆማል። ጅራቱ ዞሮ ዞሮ ራሱን ይነክሳል፤ ማንም መውጣት አይችልም፣ ሁሉም ግን መግባት ይፈልጋል።

እኛ ጋ ሕጉ አለ። ችግራችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከአደባባዩ ማዶ ያለው መንገድ ራሱ ከሞላ (ለምሳሌ ታክሲ ሰው ለመጫን ሁለተኛ መሥመር ላይ ሲቆም) ጅራቱ ወደ ክቡ ተመልሶ ይገባና ያው መቆለፍ ይመጣል። ሁለተኛው፣ መኪና ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ በክቡ ውስጥ ለመግባት የሚበቃ ክፍተት አይገኝም። አንድ መሥመር በጥሩ ሁኔታ በየሁለት ሰከንዱ አንድ መኪና ቢያሳልፍ በሰዓት 1800 መኪና ነው። ከዚያ በላይ ሹፌሩ ቢቆጣም ባይቆጣም አያሳልፍም። ጠዋት ጠዋት የትራፊክ ፖሊሶች መሃል ገብተው በእጃቸው የሚያስተናግዱት ለዚህ ነው።

ቀለበቱና ባቡሩ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ የአበርክሮምቢ ቀለበት በመጨረሻ መሠራት ጀመረ። የቻይናው የመንገድና ድልድይ ኩባንያ ገነባው፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ። በሰሜን በኩል ግን ቀለበቱ አልገጠመም። ያም ሆኖ ለከባድ መኪና ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ያን መካድ አልፈልግም። ታዲያ ለምንድን ነው ዛሬ መገናኛ ላይ ቆማችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ቀለበት መንገዱ ራሱ ቆሞ የምታዩት?

እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት አንቶኒ ዳውንስ ለዚህ ነገር መልስ ሰጥቶ ነበር። መንገድ ሲሰፋና ጉዞው ሲቀል በፊት በጠዋት 11 ሰዓት ይወጣ የነበረው ሰው 1 ሰዓት ላይ መውጣት ይጀምራል። በሌላ መንገድ ይዞር የነበረው ወደዚህ ይመጣል። በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው መኪና ይገዛል። ሁሉም የሚያቆሙት መንገዱ እንደ ድሮው ሲያስጠላቸው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዱራንቶንና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካን ከተሞች መረጃ ሰብስበው ሲያዩት አውራ ጎዳና በጨመረ ቁጥር የሚነዳው ርቀት በዚያው ልክ እንደሚጨምር አገኙ። በዚያው ልክ! ይህን መጀመሪያ ሳነብ አላመንኩም፤ ሠንጠረዡን ደግሜ ነው ያየሁት።

የእኛ ደግሞ የራሱ ቅመም አለው። ኮንዶሚኒየሞቹ መሬት በሚገኝበት በዳር በዳር ተሠሩ፤ ጀሞ፣ ሰሚት፣ አያት። መሥሪያ ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ገበያው ግን መሃል ቀረ። የሠፈር ዘመን የሸረሪት ድር ተመልሶ መጣ፤ የአሁኑ ግን በጣም የተለጠጠ ነው።

መስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ይህን ሁሉ ይፈታል ተብሎ ነበር። ሁለት መሥመር፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 41 ባቡሮች። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ ለግንባታው ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው የተመለሰው። ሐሳቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ባቡር በጥቂት ቦታ ብዙ ሰው ያነሣል። ግን ሐዲዱ በብዙ ቦታ መንገዱን መሃል ለመሃል እንደ ግድግዳ ከፈለው፤ ከጊዜ በኋላም መለዋወጫ እየጠፋ ብዙ ባቡሮች ቆሙ።

ግድግዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያየው ወጪ እዚያ ነው ያለው። 30 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ማቋረጥ በሰከንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ ሰው 25 ሰከንድ ይፈጃል። መሻገሪያው 400 ሜትር ርቆ ከሆነ ሄዶ ለመመለስ 800 ሜትር፣ ማለትም 11 ደቂቃ ነው። 25 ሰከንድ ወይስ 11 ደቂቃ? አጥር የሚዘለው ሰው ሥነ ሥርዓት ስለጎደለው አይደለም፤ ሒሳቡን በልቡ ስለሠራው ነው። ከተማ አስተዳደሩ በሚጠቀምባቸው የዕቅድ ሰነዶች መሠረት በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ በእግር ነው፤ በግል መኪና የሚደረገው 15 ከመቶ ገደማ ብቻ። በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ደግሞ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከመንደራችን ወጥተው አዲስ አበባ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ አንዳቸውም መኪና የላቸውም። ስለ ትራፊክ ስናወራ ሁልጊዜ ስለ ሹፌሩ ማውራታችን የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

መቶ ሺህ ሰው ያለ መኪና

በየዓመቱ የካቲት አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ከቦሌ የሚነሡት ዋና መንገዶች በየሰዓቱ ይዘጋሉ። መሪ ሲያልፍ ሰው ይቆማል። ከአደባባይ መቆለፍ ጋር ተመሳሳይ ነው፤ አንዱ መንገድ ለሩብ ሰዓት ሲዘጋ ወረፋው ለመፍታት ከሩብ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ምክንያቱም በዚያ ሁሉ ጊዜ አዲስ መኪና እየጨመረ ነው።

ሌላ ዓይነት መዘጋት ግን አለ። የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይን፣ የጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳን ተመልከቱ። ሁለቱም በዓላት በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት በ2019። እጅግ ብዙ ሕዝብና ከዓለም ዙሪያ የመጣ ጎብኚ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ገብቶ ይወጣል። በምን? በእግሩ። በትራንስፖርት ትምህርት የታወቀ ንጽጽር አለ፦ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው አንድ መሥመር ለመኪና ቢሰጥ በሰዓት 2000 ሰው ገደማ ያሳልፋል፣ ለእግረኛ ቢሰጥ 19000 ገደማ። ያው አስፋልት ነው። ታቦት ሲወርድ አዲስ አበባ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ሰው የምታጓጉዝበት ቀን ነው ብል ሒሳቡ አያሳፍረኝም።

ይህን የተረዱም አሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አንዳንድ እሑዶች መንገድ ለመኪና ዘግቶ ለልጆችና ለእግረኞች ከፈተ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ጨምሯል። በሱ ላይ ሁለት ልብ ነኝ። ፒያሳ ላይ አሁን መራመድ ደስ ይላል፤ ይህን ስጽፍ ግን እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ወደ ዳር መዛወራቸውንና በየቀኑ ወደ መሃል የሚያደርጉት ጉዞ መርዘሙን አልረሳም። ጣሊያን ገበያውን ሲገፋ የሆነውን ከላይ አይተነዋል። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ለአየሩ ጥሩ ነው። ለጭንቅንቁ ግን ምንም አያደርግም፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ያችኑ ሁለት ሰከንድ ትፈልጋለች።

ወደ ዲምቱ ስመለስ

ይህ ሁሉ ለወላይታ ምኗ ነው? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዶርዜና ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወርድ ጎብኚ በሶዶ ያልፋል፤ ዳውሮ ላይ ወደ ተሠራው ሃላላ ኬላ የሚሄደውም እንዲሁ። የሻሸመኔው፣ የሆሳዕናው፣ የአርባ ምንጩ መንገድ ሁሉ እዚያው ይገናኛል። የጊፋታ ሰሞን ሶዶ የገባ ሰው የምለውን ያውቃል። የሸረሪት ድሩ እየተሠራ ነው፤ ልዩነቱ ሶዶ ላይ መሃል ለመሃል የሚያገናኙትን ክሮች ለመዘርጋት ገና ክፍት መሬት መኖሩ ነው። አዲስ አበባ ያንን ዕድል ያሳለፈችው ዕቅዶቹ መሳቢያ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ነው።

ዲምቱ ደግሞ ትንሽ ናት። እዚህ መንገዱና ገበያው አንድ ናቸው። ለአጎቴ እንዲህ አልኳቸው፦ መንገዱን ብናሰፋው አይሱዙው አሁን በእርምጃ የሚያልፈውን በ60 ኪሎ ሜትር ያልፈዋል፤ እናቶቹ ግን እዚያው ይቀመጣሉ፣ ምክንያቱም ገዢው የሚያልፈው እዚያ ነው። ከከተማው ውጭ አዙረን ማለፊያ መንገድ ብንሠራ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሱቁ መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው የመንገዱ ስፋት አይደለም።

አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ገበያውን የት ልታደርገው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከአጎቴ ልጅ ጋር ደብተር ይዘን መንገዱ ዳር ተቀመጥን። እሷ እግረኛውን፣ እኔ መኪናውን ልንቆጥር። እኩለ ቀን ሳይሆን የሷ ደብተር ገጽ በገጽ ሰረዝ ሞልቶ ሌላ እስክርቢቶ ጠየቀችኝ። የኔ ገጽ ግማሹም አልሞላም፤ የራሴን ሰጠኋት።